መኪና ለውድድር የምታዘጋጁ ሰዎች፣ እኚህን መካኒክ እወቁልኝ

ታናሽ ወንድሜ መኪና ይወዳደራል። እኔ ደግሞ ከፋይ ነኝ፣ ፈሪም ነኝ። ስለ ሞተር የማውቀው ነገር ስለሌለ ትንታኔ አትጠብቁብኝ። እኚህን ሰው ሳላመሰግን ዝም ብል ግን ግፍ ይሆንብኛል።

በመጀመሪያ ሆዴ ውስጥ ያለውን ልተንፍሰው። ከዚህ በፊት የሄድንበት ጋራዥ፣ ስሙ ይቅርብኝ፣ "ለውድድር አዘጋጅተነዋል፣ አታስቡ" ብሎ ብራችንን ላፍ አደረገ። ልጁ መወዳደሪያው ትራክ ገብቶ ሲወጣ የፊት ጎማውን አጥብቆ የሚይዘው ዳዶ ላልቶ ተገኘ። ስንጠይቃቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "መንገዱ ነው ያላላው።" ሌላኛው ጋራዥ ደግሞ ባሰ። ደህናውን ካንዴላ፣ ያቺን ለሞተሩ እሳት የምትሰጠውን ዕቃ፣ አውጥቶ ያገለገለ ገጥሞ ሰደደን፣ ከዚያ በኋላ ስልክ ማንሳት የለም። እማዬ "ይሄን መኪና ሽጡልኝ" እያለች ስታለቅስ እንቅልፍ አጣን።

ጎረቤታችን ናቸው የጠቆሙን። ከሜክሲኮ ወደ ቄራ ሲወረድ ውስጥ ለውስጥ ነው፣ ትንሽ ጋራዥ ናት፣ ታፔላም የላትም። ሁሉም "ጋሼ" ነው የሚላቸው።

ጋሼ ኮፈኑን እንኳን ሳይከፍቱ መኪናውን ማራገፍ ጀመሩ። ከወንበር ስር የውሃ ፕላስቲክ፣ ክሪክ፣ የእማዬ ጃንጥላ ሳይቀር ወጣ። ፕላስቲኩን ይዘው ወንድሜን "ይቺ ከፍሬን ፔዳል ስር ብትገባ ምን ልትረግጥ ነው?" አሉት። ጭጭ አለ። እኔ በልቤ እልል አልኩ።

ቀጥሎ እኔን ጠሩኝ። ሌላ ቦታ ወንበር ሰጥተው ያስቀምጡኛል፣ ወይም ዞር በይ ይሉኛል። እሳቸው ግን "ልጄ፣ ቁጭ ብለሽ የምትጠብቂው አንቺ ነሽ፣ ነይ እይ" ብለው ባትሪ አበሩልኝ። የፍሬን ዘይቱ የቡና አተላ መስሏል። እንዲህ አስረዱኝ፦ የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ ይችላል፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 155 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ትራክ ላይ ፍሬን ደጋግሞ ሲያዝ ይግላል፣ ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ መሬት ይነካል፣ መኪናው ግን አይቆምም። ሰውነቴ ቀዘቀዘ። በዚያው የራዲያተሩን ክዳንም ቀየሩ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ሞተሩ ቶሎ ያፈላል አሉኝ። ለካ ባቄላ አልበስል እያለ ቀኑን ሙሉ የሚያስቸግረኝ ለዚህ ነው! ስነግራቸው ሳቁብኝ።

የቀረውን ብዙ ነገር አልገባኝም። ኩሽኔታ ሲሉ፣ መሪ ሲሉ፣ ጎማ እየነቀነቁ ጆሯቸውን ሲጥሉ አየሁ፣ በቃ።

የማልረሳው ግን ይሄን ነው። ዳዶዎቹን በቶርክ ቁልፍ፣ የጥብቀቱን ልክ በሚለካው መፍቻ፣ አንድ በአንድ ካጠበቁ በኋላ ነጭ ቀለም አመጡና ከዳዶው ጀምሮ እስከ ቸርኬው ድረስ ቀጭን መስመር አሰመሩ። "ልጁ ዞሮ ሲወጣ ይሄን እይው። መስመሩ ቀጥ ካለ ጥሩ ነው። ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው፣ እንዳይገባ ከልክዪው። ሥልጣኑ ያንቺ ነው" አሉኝ። እስቲ አስቡት፣ ጥፍሬን እየበላሁ የምውል ሴት ሥራ ተሰጠኝ! የውድድሩ ቀን ልጁ በወጣ ቁጥር እየተንበረከክኩ አየሁ። ቀሚሴ አቧራ በአቧራ ሆነ። መስመሮቹ ሁሉ ቀጥ እንዳሉ ናቸው። ስንተኛ ወጣ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፣ በሰላም ወጣ። እማዬ ይኸው እስከ ዛሬ ጋሼን ስትመርቃቸው ነው የምትውለው።

ወገኖቼ፣ ለውድድር ብቻ አይደለም፣ ለሩቅ መንገድም ቢሆን እሳቸው ጋ ውሰዱ። ታማኝ ናቸው። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ በካርቶን አድርገው ነው የሚያስረክቧችሁ። ዕቃ ከሶማሌ ተራ ራሳችሁ ገዝታችሁ ብትመጡም አይከፋቸውም፣ የማይሆን ከሆነ ግን ፊት ለፊት ይነግሯችኋል። ኧረ ውሰዱ፣ እኔን ብላችሁ!

ስማቸውን እዚህ አትጻፊ ስላሉኝ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ። በውድድሩ ዋዜማ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፣ አይቀበሉም፤ ቢያንስ ሳምንት ሲቀረው ሂዱ። ሂሳብ ላይ ደግሞ አትከራከሯቸው፣ መጀመሪያውኑ ቀንሰው ነው የሚጠሩት።