የመዳብ ቱቦ ማቀዝቀዣ በአዳማ ሙቀት፤ ከወራት በኋላ

አዳማ ላይ ቤቱ ቢራ ለሚጠምቅ ሰው ከባዱ ሥራ ማፍላቱ ሳይሆን ማቀዝቀዙ ነው። ከብቅልና ከሆፕስ (ለቢራው ምሬትና መዓዛ የሚሰጠው አበባ) የፈላው ፈሳሽ ቶሎ ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ካልወረደ እርሾ አይጨመርበትም። ለብ ብሎ በቆየ ቁጥር ደግሞ ባክቴሪያ ይቀድማል።

እኔ የምጠቀመው 10 ሜትር ገደማ የመዳብ ቱቦ ተጠቅልሎ የተሠራውን፣ ድስት ውስጥ የሚነከረውን ዓይነት ነው። ውሃ በአንዱ ጫፍ ይገባል፣ ሙቀቱን ይዞ በሌላው ይወጣል። በቃ፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ለ20 ሊትር ይበቃል።

ጅማሬው ደስ ይላል። (ከተማችን ከ1,600 ሜትር ከፍታ በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 95 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አምስቷን ዲግሪ በነፃ አገኘን።) እያማሰልኩ እስከ 40 ቶሎ ይወርዳል። ካልተማሰለ ግን ቱቦውን የነካው ብቻ ቀዝቅዞ መሃሉ እንደጋለ ይቀራል። ነጫጭ ብጥስጣሽ እየተቋጠረ ሲሰምጥም ይታያል። ፕሮቲኑ ነው፤ ቢራው የሚጠራው በሱ ነው።

ከ40 በታች ነገሩ ይንቀራፈፋል። ጥፋቱ የቱቦው አይደለም። የትኛውም ማቀዝቀዣ ከሚገባበት ውሃ በታች አያወርድም፤ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለ የሮቶ ውሃ ደግሞ ራሱ ለብ ያለ ነው። ውሃ እየጠፋ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧ ከፍቶ መልቀቁም ያሳቅቃል።

ስለዚህ ቧንቧውን እስከ 40 ብቻ እጠቀማለሁ። የሚወጣውን ሙቅ ውሃ ለዕቃ ማጠቢያ በባልዲ እይዘዋለሁ። ከዚያ ሳፋ ውስጥ ውሃ ሞልቼ፣ ፍሪዘር ያደሩ ሃይላንዶች ጨምሬ፣ ለዓሣ ገንዳ በሚሸጥ ትንሽ ፓምፕ ያንኑ ውሃ በቱቦው ውስጥ አዟዙራለሁ። ለውጡ የትየለሌ ነው።

ቅሬታ አለኝ። ጎማው ከቱቦው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሲሞቅ ይላላና ጠብ ጠብ ይላል። ያልፈላ ውሃ ቢራው ውስጥ ገባ ማለት ነው! መጋጠሚያው ከድስቱ አፍ ውጭ እንዲውል ጫፎቹን አጥፌያቸዋለሁ። መዳቡ አረንጓዴ ካወጣ በአቼቶ ይታሻል። መፍላቱ ሊያበቃ 15 ደቂቃ ሲቀረው ድስቱ ውስጥ ከገባ ጀርሙ እዚያው ይሞታል።

ፕሌት የሚባለው፣ ፈሳሹንና ውሃውን በተደራረቡ ስስ ብረቶች መሃል የሚያሳልፈው ማቀዝቀዣ ፈጣን ነው ይላሉ፣ እውነት ነው። ግን ውስጡ አይታይም፣ የሆፕስ ዝቃጭም ይሰነቀርበታል። በሮቶ ውሃ ከሆነ እሱም ከለብታ አያልፍም። የሱን ብር ለፓምፕና ለፍሪዘር ባወጣው ይሻለኛል። አሁን የምቀይረው ጎማውን ብቻ ነው፤ ሙቀት የሚችል ሲሊኮን ካገኘሁ።