የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ፦ ለጫጫታ እንጂ ለወሬኛ አትሆንም

ጅማ ውስጥ ለፈተና የሚያጠና ወይም ቤቱ ሆኖ የሚሠራ ሰው በትንሽ ገንዘብ ፋታ የሚያገኝባት ዕቃ ከስፖንጅ የተሠራችው የጆሮ መድፈኛ ናት፤ በትክክል ከገባች ነው ታዲያ። ብዙው ሰው ጫፏን ብቻ ወትፎ "አትሠራም" ብሎ ይጥላታል።

መጀመሪያ እጃችሁን ታጠቡ። መድፈኛዋን ሳትጨማደድ ቀጥ ብላ እስክትቀጥን በጣት አሽከርክሩ። የጆሮ ቀዳዳ ጠመም ያለ ስለሆነ፣ ሌላኛውን እጅ በጭንቅላት ዙሪያ አምጥታችሁ ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡት፤ ሳትነፋ ቶሎ አስገቡና ከ20 እስከ 30 ሰከንድ በጣት ደግፉ። ከዚያ ሁለቱንም ጆሮ በመዳፍ ክደኑ። ድምፁ በጣም ከቀነሰ በደንብ አልገባችም፣ አውጥታችሁ ድገሙ። የራስ ድምፅ ጎላ ብሎ ከውስጥ መሰማቱ ግን ጤነኛ ምልክት ነው።

ድምፅ ምን ያህል እንደምትቀንስ ማሸጊያው ላይ 29 ወይም 33 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ተብሎ ይጻፋል። ያ የላቦራቶሪ ቁጥር ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ለጥንቃቄ የሚጠቀምበት ስሌት 7 ቀንሶ ቀሪውን ለ2 ያካፍላል፤ 29ኙ ወደ 11 ይወርዳል ማለት ነው።

ቀጭን ድምፅ ላይ በርትታለች፦ ክረምት ቆርቆሮው ላይ የሚንጣጣው ዝናብ፣ የሰሃን ኳኳታ፣ የሚያፏጭ ስፒከር። የመርካቶ ባጃጅ ጉርምርምታና የሙዚቃ ቤት ቤዝ ግን በከፊል ያልፋሉ። ጀነሬተር አጠገባችሁ ካለ ጫጫታ የሚያጠፋው ባለባትሪ ኢርፎን ይሻላል፣ ዋጋው ግን አይገናኝም።

አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ የሚያወራውን ሰው አታጠፋውም፤ ታደበዝዘዋለች። "አንዴ ልጠይቅህ" ባዩንማ ጭራሽ አትመልስም፣ ትከሻችሁን ነካ ያደርጋላ። ለእሱ ከሩቅ የሚታይ ብርቱካናማ ወይም ቢጫ ቀለም ምረጡ። ትልቅ ሄድፎን ደግሞ ሙዚቃ ባይኖረውም ሰው ያርቃል። ባለገመዷን ተዉአት፤ ገመዱ ልብስ በነካ ቁጥር ጆሮ ውስጥ ይንኳኳል።

ስታወጡ ቀስ ብላችሁ አሽከርክሩ፤ ድንገት መንጭቆ ማውጣት የጆሮ ታምቡር ያሳምማል። ስትቆሽሽ ወይም ስትደርቅ ጣሏት። ጆሮው የሚመግል ወይም ታምቡሩ የተበሳ ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጠቀም። መድፈኛዋን አድርጋችሁ የምትተኙ ከሆነ ስልኩን ንዝረት ላይ አድርጋችሁ ትራስ ሥር ክተቱት፤ አላርሙ ላይሰማ ይችላል።