ሳይቶ አርኤንኤሴሌክት፦ ለባሕር ዳር ላብራቶሪ ይሆናል?

ይህ አረንጓዴ ማቅለሚያ በሕይወት ባለ ሴል ውስጥ አርኤንኤ የት እንደተከማቸ ያሳያል፤ የትኛው አርኤንኤ እንደሆነ ግን አይለይም። ጎልቶ የሚታየው በኒውክለሱ ውስጥ ያለው ኒውክሊዎለስ ነው፤ የራይቦሶም አርኤንኤ የሚመረተው እዚያ ነውና። ሳይቶፕላዝሙ ደብዘዝ ይላል። አንድን ኤምአርኤንኤ (የፕሮቲን መመሪያ የሚሸከም አርኤንኤ) ለይቶ መከታተል የፈለገ ሰው ገንዘቡን ባያወጣ ይሻለዋል።

490 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ብርሃን ተቀብሎ 530 አካባቢ ያበራል፤ የተለመደው የማይክሮስኮፕ ኤፍአይቲሲ (የአረንጓዴ ብርሃን) ፊልተር ይበቃዋል። ጂኤፍፒ የሚባለው አብሪ ፕሮቲን ካለበት ሴል ጋር ግን አይስማማም፤ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው።

ብልቃጧ 100 ማይክሮሊትር ብቻ ትይዛለች፣ 5 ሚሊሞላር፣ ዲኤምኤስኦ በሚባል ማሟሟያ። ለሥራ የሚፈለገው 500 ናኖሞላር ስለሆነ ከእሷ 1 ሊትር ያህል ይወጣል። 1 ማይክሮሊትር በ1 ሚሊሊትር ሚዲያ (የሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ) ይበጠበጣል፤ ከዚያ ብጥብጥ 100 ማይክሮሊትሩ በ900 ማይክሮሊትር ሚዲያ ላይ ይጨመራል። መጀመሪያውን ብጥብጥ በዲኤምኤስኦ የሚሠሩ አሉ፤ ሴሉ ላይ የሚያርፈው 10 በመቶ ዲኤምኤስኦ ይሆንና ቀለሙ ሳይታይ ሴሉ ይጎዳል። በ37 ዲግሪ 20 ደቂቃ ቆይቶ ይታጠባል፣ በአዲስ ሚዲያ ይታያል። መጠኑ ሲበዛ ኒውክለሱ በሙሉ ይፈካል፤ ያን አርኤንኤ ነው ብሎ መጻፍ አይገባም።

ባሕር ዳር ላይ የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ዲኤምኤስኦ 18.5 ዲግሪ ላይ ይረጋል፤ በታኅሣሥና በጥር ጠዋት ክፍሉ ከዚያ በታች ከሆነ ከፍሪዘር የወጣች ብልቃጥ ጠረጴዛ ላይ ብትውልም በከፊል እንደረጋች ትቀራለች። ከዚያ የተቀዳው መጠን አይታመንም። በእጅ ሙቀት ሙሉ በሙሉ ማቅለጥ፣ ከዚያ በሴንትሪፊዩጅ ወደ ታች ማውረድ ነው። በክረምት ደግሞ ብርድ ሳይለቃት ከተከፈተች እርጥበት ትስባለች። እንደመጣች 5 ማይክሮሊትር እየሆነች በትናንሽ ቱቦ ትከፋፈል፣ በጨለማ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ትቀመጥ። መብራት በሄደ ጊዜ ፍሪዘሩን አለመክፈት ነው።

ውጤቱን ለማረጋገጥ ሴል ያለበት አንድ ሳህን በቀዝቃዛ ሜታኖል ፊክስ ይደረጋል (ሴሉ ባለበት ሁኔታ እንዲቆይ)፣ አርኤንኤን በሚቆራርጠው ኢንዛይም በአርኤንኤዝ ይታከማል፣ ከዚያ ይቀለማል። ኒውክሊዎለሱ እንደበፊቱ ካበራ፣ ያዩት አርኤንኤ አይደለም። ዲኤምኤስኦ ቀለሙን በቆዳ ውስጥ ስለሚያሳልፍ ድርብ ጓንት ይደረግ፤ እጣቢው ለብቻ ይጠራቀም እንጂ ወደ ፍሳሽ አይደፋ፣ ጣና ቅርብ ነው።

አንድ የተወሰነ አርኤንኤ ለሚፈልግ ብሮኮሊ የሚባለው አፕታመር (አንድን ሞለኪውል ለይቶ የሚይዝ አጭር አርኤንኤ) አለ፤ ዲኤፍኤችቢአይ-1ቲ የተባለው ቀለም እሱን እስኪይዝ አያበራም ማለት ይቻላል። የአፕታመሩን ቅደም ተከተል ግን በራስ እጅ ከሚፈለገው አርኤንኤ ጋር ማያያዝ ይጠይቃል፤ ያ ክሎኒንግ ለሚሠራ ላብራቶሪ ነው።