ልጅ ሥዕል ለማስተማር ለምታስቡ የአራብሳና የአካባቢው ሰዎች

ይሄን ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። የልጄ የሥዕል አስተማሪ ጋሼ ምስጋና ሲሰሙ ይሸሻሉ። ዛሬ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

ልጄ 11 ዓመቷ ነው። አፏን ሳትፈታ ግድግዳ የሞነጫጨረች ልጅ ናት። አምና ክረምት አንድ ቦታ አስመዘገብኳት፤ ስሙን አልጠራም። የሦስት ወር ክፍያ በአንዴ ተቀበሉኝ። ያስተማሯት ስልክ ላይ ያለ ካርቱን መገልበጥ ብቻ ነው። አንድ ቀን አስተማሪው በልጆቹ ሁሉ ፊት «አንቺ እጅሽ ለዚህ አልተፈጠረም» አላት። ለልጅ እንዲህ ይባላል? ቤት መጥታ ደብተሯን አልጋ ስር ወረወረችው። ብሬን መልሱልኝ ስላቸው ሳቁብኝ። ሁለተኛው ቦታ ደግሞ በወሩ ተዘጋ። እሱስ ቢያንስ አልሰደበንም።

ጋሼን የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ፣ የረር ተራራ ፊት ለፊት በሚታይበት በኩል፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለቻቸው። ልጄ ከኋላዬ ተደብቃ ገባች። ሥዕልሽን አሳዪኝ አላሏትም። «ቤታችሁ ጀበና አለ?» ብቻ አሏት። በቀጣዩ ቅዳሜ ይዛ ሄደች።

እኔ በር ላይ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ትስላለች፣ ታጠፋለች። ትስላለች፣ ታጠፋለች። ወረቀቱ ሊቀደድ ደረሰ። ጋሼ መጡና ላጲሱን ከእጇ ወስደው ኪሳቸው ከተቱት። «ይሄ ዛሬ እኔ ጋ ይዋል።» ከዚያ ጎንበስ ብለው «ጀበናውን ተይው። በእጀታውና በሆዱ መሀል ያለው ቀዳዳ ይታይሻል? እሱን ብቻ ሳዪልኝ» አሏት። ቀዳዳ ይሳላል እንዴ? እስካሁንም አልገባኝም። እሷ ግን ቀዳዳውን ሳለች። ከዚያ ዙሪያውን ቀጠለች። ቀና ስትል ጀበናው ወረቀቱ ላይ ቁጭ ብሏል። የኛው ጀበና፣ አንገቱ ዘመም ያለው። ዞር ብላ አየችኝ። እንባዬን ልደብቅ ስልኬን አወጣሁ።

ጋሼ ድሮ የማስታወቂያ ሰዓሊ ነበሩ። የምግብ ቤት ክትፎ፣ የሳሙና ካርቶን፣ የመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል፣ የፀጉር ቤት ራስ። ባለቤቴ ልጅ ሆኖ ይቆረጥበት የነበረ ቤት በር ላይ ሁለት ራስ ተስሎ ነበር። «እሱንም እርስዎ ይሆኑ?» አላቸው። «ራሶቹ ከተመሳሰሉ እኔ ነኝ፤ አንድ ፊት ብቻ ነበር የምችለው» አሉት። ኋላ የባነር ማተሚያ መጣና ሥራው ቀዘቀዘ። ለራሳቸው መሳል የጀመሩት ያኔ ነው። አሁን ግድግዳቸው ሙሉ የረር ነው። የጠዋት የረር፣ የክረምት የረር፣ ደመና የዋጠው የረር። የድሮ ሥራቸውን ግን አያናንቁም። «የአፍሪካ አዳራሽን የመስታወት ሥዕል የሠሩት አፈወርቅ ተክሌ እኮ ቴምብርም ስለዋል» ይላሉ።

እባካችሁ፣ በተለይ «አትችልም» የተባለ ልጅ ያላችሁ፣ ውሰዱት። ነገ ዛሬ አትበሉ፣ ውሰዱት። ክፍያው በየወሩ ነው፤ ያውም ከቀድሞው ቦታ ግማሹን አይሞላም። ጋሼ ፌስቡክም ቲክቶክም የላቸውም። ኢንቦክስ ካደረጋችሁልኝ እሳቸውን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ትምህርቱ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ላጲስ ባትይዙ ይሻላል፣ ይወረሳል።

ጋሼ፣ እግዜር ያክብርልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ጀበናዬን ግን የፊታችን ቅዳሜ ቢመልሱልኝ። በጎረቤት ጀበና ቡና ሳፈላ ወር ሞላኝ።