ልጃችሁ ሒሳብ ከጠላች እኚህ መምህርት ጋ ውሰዷት

ዛሬስ ሳላመሰግን አላድርም። ጀሞ አካባቢ ግቢያቸው ውስጥ ጥቂት ልጆች ሰብስበው፣ ከትምህርት ቤት መልስ ሒሳብ የሚያስጠኑ ጡረታ የወጡ መምህርት አሉ። ዕድሜ ከጤና ይስጥልን!

መጀመሪያ ግን የተንገበገብኩበትን ልናገር። አምስተኛ ክፍል ያለችውን ልጄን አንድ ስሙ የገነነ ማዕከል አስገብቻት ነበር። የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያ፣ የቲሸርት፣ የመጽሐፍ፣ የምረቃ ጋውን ሳይቀር። የሚያስተምሩት አባከስ ነው፣ በዶቃ የሚደመርበት መቁጠሪያ። የላይኛዋ ዶቃ አምስት፣ የታችኞቹ አራቱ አንድ አንድ ይቆጠራሉ። አልዋሽም፣ ደስ ይላል፤ ዶቃዎቹን በሐሳቧ እያየች ጣቷን አየር ላይ እያወዛወዘች ስትደምር ቤት የመጣ እንግዳ ሁሉ ያጨበጭብላታል። ግን "አንድ ደብተር 45 ብር ከሆነ በ200 ብር ስንት ይገዛል?" ስላት ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ማዕከሉን ስጠይቅ "ቀጣዩ ሌቭል ላይ ይገባታል፣ ክፍያውን ይፈጽሙ።" ቤት የሚመጣው አስጠኚ ደግሞ ባሰ! የቤት ሥራዋን ራሱ ሠርቶላት፣ ሻዩን ጠጥቶ ውልቅ። ደብተሯ በራይት፣ ፈተናዋ በኤክስ ተሞላ።

አሜሪካ ያለችው እህቴ ናት "ከመክፈልሽ በፊት ሲያስተምሩ ቁጭ ብለሽ እዪ" ያለችኝ። ማዕከሉ ወላጅ አያስገባም ነበር። እኚህ እናት ግን ራሳቸው ወንበር አወጡልኝ።

ለልጄ ግማሽ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ሰጧት። የላዩን ከላይ፣ የታቹን ከታች ደምራ ሁለት አምስተኛ ብላ ጻፈች። አፌን ልከፍት ስል በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። "ማሬ፣ ሁለት አምስተኛ ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?" አሏት። ከዚያ ዝም። እኔ ተቁነጠነጥኩ እንጂ እሳቸው እቴ! አስባ አስባ "ያንሳል" አለች። ቆይታ ደግሞ "እንዴ! ግማሽ ላይ ጨምሬ እንዴት ከግማሽ አነሰ?" ብላ ራሷ ሰረዘችው። እንባዬ ቀደመኝ። ሒሳብ ሲባል "ሆዴን አመመኝ" የምትል ልጅ እኮ ናት!

ከዚያ ወረቀት አጣጥፈው፣ ቀደው፣ ምን ምን እንዳደረጉ አትጠይቁኝ፣ አምስት ስድስተኛ ላይ ደረሱ። ስንት ቀን ትምጣ ስላቸው ደግሞ "በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃታል፣ በቀረው ትጫወት" አሉኝ። ብር እምቢ የሚል ሰው አሁንም አለ ለካ።

እባካችሁ ልጆቻችሁን እሳቸው ጋ ውሰዷቸው፣ ደግሜ እላለሁ ውሰዷቸው። ሜዳሊያ የለም፣ ሰርተፍኬት የለም፣ ሒሳብ ግን አለ። ስልካቸውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አስፈቅጃለሁ። ቦታቸው ጠባብ ስለሆነች ቶሎ በሉ። ከ10 እስከ 12 ሰዓት ግን አትደውሉላቸው፤ ልጆቹ ጋ ሲሆኑ ስልክ አያነሱም።