ካሜራዬን ቴሌስኮፕ ላይ በቲ-ሪንግ ከገጠምኩ ከወራት በኋላ፦ መጀመሪያ የ55 ሚሊሜትሯን ነገር እወቁ

ይሄን የምጽፈው መስታወቱ 130 ሚሊሜትር የሆነ ኒውቶኒያን (ብርሃኑን በመስታወት የሚሰበስብ)፣ ፎካል ሌንግዙ (ከመስታወቱ ምስሉ እስከሚሰበሰብበት ያለው ርቀት) 650 ሚሊሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ይዞ ዲኤስኤልአር (ውስጡ መስታወት ያለው፣ ሌንሱ የሚወልቅ ካሜራ) ልግጠምበት ብሎ ለሚያስብ ሰው ነው። እኔ ስገዛ እንዲህ ቁጭ አርጎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ያንን የጥቅምትና የህዳር ጥርት ያለ ሰማይ እንዲሁ አይቼ አላሳልፈውም ነበር።

ዕቃው ሁለት ነገር ነው፣ ካሜራው ላይ በሌንሱ ቦታ የሚገባ ቲ-ሪንግ እና ቴሌስኮፑ ላይ በአይፒሱ (በዓይን የምናይበት ሌንስ) ቦታ የሚገባ 1.25 ኢንች አዳፕተር፣ እርስ በርስ በጥርስ ይጠማመዛሉ። አሰራሩ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ ጠንካራ ነው፣ እስካሁን አልላላም።

ችግሩ ፎከስ ነው። ጨረቃ ላይ አነጣጥሬ ላይቭ ቪው ከፈትኩ፣ ስክሪኑን የሞላ ነጭ ብዥታ ነው የሚታየው፣ ፎከሰሩን (ምስሉን ለማጥራት ወደ ውስጥና ወደ ውጪ የሚሄደውን ቱቦ) ወደ ውስጥ ሳዞረው እያነሰ መጣ፣ እያነሰ መጣ፣ አሁን ጠርዟ ሊለይ ነው ስል ፎከሰሩ ቀጥ አለ። መጨረሻው ደርሷል፣ ከዛ በላይ አይገባም። ጨረቃ ብዥ እንዳለች ቀረች።

ሻጩን ስጠይቀው "ይገጥማል ብዬህ ነበር፣ ገጥሟል አይደል እንዴ?" አለኝ። ወንድሜ፣ እኔ ገንዘብ የከፈልኩት ብረት ከብረት ለማያያዝ አይደለም፣ ፎቶ ላነሳበት ነው! ቴሌስኮፕህ ምን ዓይነት ነው ብለህ አንዲት ጥያቄ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?

ነገሩ እንዲህ ነው። የካነን ኢኤፍ ካሜራ ሴንሰሩ ያለው ሌንሱ ከሚገባበት አፍ 44 ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ነው፣ ቲ-ሪንጉ 11 ይጨምርበታል፣ በድምሩ 55 ይሆናል። ለዓይን ተብሎ የተሰራ ኒውቶኒያን ደግሞ ብዙ ጊዜ ምስሉን የሚሰበስበው ከፎከሰሩ አፍ ትንሽ ብቻ ወጣ ብሎ ስለሆነ ሴንሰሩ ምስሉን አልፎት ከኋላ ይቀራል። ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ) ብትገዛ ይቀረፍ ነበር የሚሉም አሉ፣ እነሱንም አትስሟቸው፣ የሶኒ ኢ ሚረርለስ ሴንሰር ከአፉ 18 ሚሊሜትር ብቻ ነው የገባው፣ እውነት ነው፣ ግን መደበኛው ቲ-ሪንግ ለሱ ረዝሞ ነው የሚሰራለት፣ ተመልሶ ያው 55። ልዩ አጭር አዳፕተር ካላገኘህ በቀር አዲስ ካሜራ ገዝተህ እዛው ቁጭ ነው።

እኔን ያወጣኝ 2ኤክስ ባርሎው (ምስሉን ሁለት እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ) ነው፣ አናቱ ላይ ቲ-ሪንጉ የሚጠማመዝበት ጥርስ ያለው። ምስሉን ወደ ውጪ ስለሚገፋው ፎከሱ ያለ ችግር መጣ፣ ያን ቀን ማታ ክላቪየስን፣ ጨረቃ ላይ ያለውን ትልቅ ክሬተር (ጉድጓድ)፣ ሳነሳ ውስጡ ያሉት ትናንሽ ክሬተሮች ከትልቅ ወደ ትንሽ እየሄዱ በግማሽ ክብ ተደርድረው አንድ በአንድ ተለይተው ታዩኝ፣ እውነቴን ነው ለቤተሰቡ ሁሉ ነው የላኩት። ለጨረቃ ከዚህ የተሻለ አልመኝም።

ግን በነፃ አይደለም። ኤፍ5 የነበረው (ፎካል ሌንግዙ ለመስታወቱ ስፋት ሲካፈል) ኤፍ10 ይሆናል፣ ለተመሳሳይ ብርሃን ኤክስፖዠሩ (ሴንሰሩ ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) አራት እጥፍ። ካሜራዬ ላይ ወደ 2 ዲግሪ ይሸፍን የነበረው ምስል ወደ 1 ዲግሪ ይወርዳል፣ ስለዚህ ፕሌያደስ (የኮከቦች ስብስብ ናት) ፍሬም ውስጥ አትገባም፣ የኦሪዮን ኔቡላም (የጋዝ ደመና) ጠብቦት ነው። አራት እጥፍ ደግሞ ለኛ አዲስ አበባ ላለን በጣም ከባድ ነው፣ ማውንቱን (ቴሌስኮፑ የተቀመጠበትን፣ ከኮከቦቹ ጋር የሚዞር መቆሚያ) የምናስተካክልበት የሰሜን ኮከብ እዚህ ከአድማስ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፣ ከኛ ግቢ ደግሞ በዛ በኩል ያለው የእንጦጦ ተራራ ነው፣ ጭራሽ አይታይም። አላይንመንቱ በግምት ሲሆን ረጅም ኤክስፖዠር ላይ ኮከቦቹ ይጎተታሉ። የካሜራው ክብደት ፎከሰሩን ትንሽ ያዘነብለዋል፣ እሱ ብሎኑን ጠበቅ ሲያደርጉት ይሻላል።

ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ሞክሩ። ጨረቃ ባለችበት ማታ አይፒሱን አውጡ፣ ፎከሰሩን እስከ መጨረሻው አስገቡ፣ ነጭ ወረቀት ከኋላ ይዛችሁ ጨረቃዋ ወረቀቱ ላይ ጥርት ብላ የምታርፍበትን ቦታ ፈልጉ፣ ከፎከሰሩ አፍ እስከ ወረቀቱ በማስመሪያ ለኩ። በጭራሽ በፀሐይ እንዳትሞክሩት፣ ያቃጥላል፣ ዓይንም ያጠፋል። ከ55 ሚሊሜትር በደንብ ከበለጠ ግዙ። ካነሰ ባርሎውን አብራችሁ ካልገዛችሁ ሻጩ የፈለገውን ቢል አትስሙት።

ቲ-ሪንጉን አልሸጠውም። ክረምቱ ገብቶ ሰማዩ ሲዘጋ ዋናውን መስታወት ረዘም ባሉ ብሎኖች ወደ ፊት ላስጠጋው ነው፣ መስታወቱ በመጣው ልክ ምስሉ ወደ ውጪ ይወጣል፣ ቶርኖ ቤት ሄጄ ብሎኖቹን አዝዣለሁ። ህዳር ላይ ፕሌያደስን ያለ ባርሎው አነሳታለሁ።