ለጋሼ ምስጋና፣ ለሕግ ትምህርት ቤት አመልካቾችም ጥቆማ

ተመስገን፣ ገባሁ! ዲሲ ካሉት ጥሩ የሕግ ትምህርት ቤቶች አንዱ በማታው ፕሮግራም ተቀብሎኛል። ቀን እየሠራሁ ማታ እማራለሁ። ለቀን ተማሪ ሦስት ዓመት የሚፈጀው ለእኔ አራት ይሆናል፣ ምንም አይደል። ይህን የምጽፈው ለጉራ አይደለም (እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው)። አንድ ሰውን በአደባባይ ማመስገን ስላለብኝ ነው። እናንተም ገንዘባችሁን የትም ከመበተናችሁ በፊት እሳቸው ጋ እንድትሄዱልኝ ነው።

ስማቸውን እንዳላወጣ ስላስጠነቀቁኝ "ጋሼ" ብቻ እላቸዋለሁ። ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖሩት። በወጣትነታቸው አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሬጂስትራር ቢሮ ሠርተዋል። እዚህ ከመጡ በኋላም ጡረታ እስኪወጡ ኮሌጅ ውስጥ ማመልከቻ ሲያዩ ነው የኖሩት። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ማስተርስና የሕግ ትምህርት ለሚያመለክቱ ልጆች ያግዛሉ።

መጀመሪያ ግን ምሬቴን ልተንፍስ። ጋሼን ከማግኘቴ በፊት "መግባትሽን እናረጋግጣለን" የሚሉ ሰዎች እጅ ወድቄ ነበር። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ሌሊት እየሠራሁ ያጠራቀምኩትን በየወሩ ከፈልኳቸው። ከዚያ ፐርሰናል ስቴትመንት (አመልካቹ ስለ ራሱ የሚጽፈው ድርሰት) ብለው የላኩልኝን ሳነብ የስደተኞች ካምፕ ውስጥ አድጌያለሁ። በድንኳን፣ በሻማ እያጠናሁ! እኔ እኮ በዲቪ ነው የመጣሁት። ካምፕ የሚባል በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ስጠይቃቸው "ኮሚቴው እንዲህ ያለ ታሪክ ይወዳል፣ አንቺ ዝም ብለሽ ላኪ" አሉኝ። እውነት ካምፕ ያደጉ ልጆች ይህን ቢሰሙ ምን ይላሉ?

የፈተናው ማጠናከሪያ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያው ኤልሳት ይባላል፣ ውጤቱ ከ120 እስከ 180 ነው። ሎጂክ ጌምስ የሚባለው ክፍል ከነሐሴ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከፈተናው ወጥቷል። እነሱ ግን ከወጣ በኋላ ለሳምንታት እሱኑ ያስተምሩን ነበር! አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ ባይናገር እስከ ፈተናው ቀን ያስኬዱን ነበር። ገንዘቤን መልሱ ስል "ኮንትራትሽን አንብቢ" ተባልኩ። እግዜር ይስጣቸው።

ጋሼ ጋ ስሄድ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው "ገቢሽ ስንት ነው?" የሚል ነበር። በሆዴ "ይኸው፣ ሊያስከፍሉኝ እየለኩኝ ነው" አልኩ። ለካ ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኤልሳክ ዝቅተኛ ገቢ ላለው አመልካች ክፍያ የሚያነሳበት አሠራር አለው። ግሪን ካርድ ያለውም ይጠይቃል። ከተፈቀደ የፈተናው ብቻ ሳይሆን ሰነድ ሰብስቦ ለትምህርት ቤቶች የሚልክበት ክፍያም ይነሳል። ብዙ ትምህርት ቤቶችም ይህን አይተው የማመልከቻውን ይተዋሉ። እነዚያ ሰዎች ያን ሁሉ ጊዜ ሲቀበሉኝ አንድ ቀን ትንፍሽ አላሉም። ጋሼ እዚያው ቁጭ አድርገው አስሞሉኝ።

የካምፑን ድርሰት መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና "ይቺ ልጅ ማናት?" አሉኝ። አፈርኩ፣ ሳቄም መጣ። "ልጄ፣ ነገ የጥብቅና ፈቃድ ስትጠይቂ ጠባይሽን ይመረምራሉ። ዛሬ የጻፍሽውን ያኔ አውጥተው ሊያዩት ይችላሉ" አሉኝ። ከዚያ ስለ ሥራዬ፣ ስለ አባቴም የመሬት ክርክር ጻፍኩ። አባቴ ከአያቴ በወረሰው መሬት ምክንያት ከወረዳ ፍርድ ቤት እስከ ከፍተኛ ሲመላለስ ነው ፀጉሩ የሸበተው። ልጅ ሆኜ የቀጠሮ ወረቀቱን የማነብለት እኔ ነበርኩ። ጋሼ አንድም ዓረፍተ ነገር አልጻፉልኝም። "ይሄ ያንቺ ነው፣ ይሄ የሰው ነው" እያሉ ማስመር ብቻ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ኤልሳክ ትራንስክሪፕት ከእጄ አይቀበልም፣ ከተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ መላክ አለበት። ወንድሜ ውክልና ይዞ፣ የኮስት ሼሪንግ ዕዳዬን ከፍሎ፣ ክሊራንስ ጨርሶ ተመላለሰ። "ፋይሏ አልተገኘም" ይሉታል። "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው" ይሉታል። "ሲስተም የለም" ይሉታል። ማመልከቻዬ ሙሉ ሆኖ በአንድ ወረቀት ቆመ። አልቅሼ ለጋሼ ደወልኩ፣ ለዘንድሮ ይቅርብኝ አልኳቸው።

"ዛሬ ሌሊት ኑ፣ እንደውላለን" አሉኝ። እንዲህ ሲቆጡ ነው አንቱ የሚሉኝ። እዚህ የብርዱ ወቅት ስለነበር ከአዲስ አበባ ጋር ያለን ልዩነት ስምንት ሰዓት ነው። እዚያ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሮ ሲከፈት እዚህ ሌሊት ስድስት ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። የሰባ ዓመት ሰው ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ባለቤታቸው ሻይ አፍልተው ጠበቁኝ። ስልኩ ብዙ ጠርቶ አንዲት ልጅ አነሳች። እኔ ብሆን ወይ እለምናታለሁ ወይ እጮህባታለሁ። ጋሼ በመጀመሪያ እንዴት አደርሽ አሏት፣ ቤተሰብ ጠየቁ። እኔም እንደዚህ ዓይነት ቢሮ የሠራሁ ነኝ አሏት። ከዚያ ስለ ፋይል አቀማመጥ፣ ስለ ምረቃ ዓመትና ስለ መዝገብ ቁጥር ምን ምን እንደተባባሉ አልገባኝም። ልጅቷ ግን መሳቅ ጀመረች፣ "አባቴ" ትላቸው ጀመር። ስልኩ ሳይዘጋ ሄዳ ፈለገች። ተገኘ! ለካ ስሜ በአንድ ፊደል ተሳስቶ ሌላ ቦታ ተቀምጦ ኖሯል። በዚያው ሳምንት ታሽጎ ወጣ።

ጋሼ ስልኩን ዘግተው "የልጅቷን ስም ያዢ፣ ለአለቃዋ የምስጋና ደብዳቤ እንጽፋለን" አሉኝ። ጻፍንም። ለዚያ ሌሊት ልከፍላቸው ስል ተቆጡኝ። ድፎ ዳቦ ይዤ ሄድኩ፣ እሱን ተቀበሉ።

በእናታችሁ፣ የምታመለክቱ ካላችሁ እሳቸው ጋ ሂዱ። ቀድማችሁ ሂዱ። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ የሚያዩት እንደ አመጣጡ ነው፣ የመጨረሻውን ቀን ስትጠብቁ ቦታው ይሞላል። አገር ቤት የተማራችሁ ደግሞ ከፈተናው በፊት የትራንስክሪፕቱን ነገር ጀምሩ። ሥራ ያላችሁ የማታውን ጠይቋቸው፣ ጆርጅታውንም ጆርጅ ዋሽንግተንም አላቸው። "ትገቢያለሽ" ብለው አይምሉላችሁም፣ ለእኔም አልማሉልኝም። ክፍያቸው ትንሽ ነው፣ እባካችሁ አትከራከሯቸው።

ስልካቸውን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። እስከ ነሐሴ ሌሊት ነው የምሠራው፣ ብዘገይ አትቀየሙኝ።